የሁለት ወቅት የቁፋሮ ፎቶ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተዝረክርኮ እጄ ገባ። ከየት ልጀምር?

የወንፊቷ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ መንዝ ውስጥ በተደረገ አነስ ያለ ቁፋሮ ተሳትፌ ነበር። ያኔ ተማሪ ነኝ። ሥራዬ ወንፊት ነበር። አፈሩን እነፋለሁ፣ ገሉንና ባልጩቱን እለቅማለሁ፣ ማታ አቧራዬን አራግፌ እተኛለሁ። የተቆፈረው ከድንጋይ ክምር መቃብሮቹ አንዱ ነው። በመንዝና በግድም በኩል ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን፣ ባለሙያዎቹ «የሻይ ባህል» የሚሉትን ማለቴ ነው። የቦታውን ስም አልጠራም። «ወርቅ አለ» ብሎ ዶማ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከኮሮና በኋላም ነገሩ አልመች አለ። ሦስተኛው ወቅት ሳይደረግ ቀረ። ሰዉ ተበታተነ። አንዱ ውጭ አገር ነው፣ አንዷ አግብታ ሌላ ሥራ ይዛለች፣ ፎቶ አንሺያችን ስልኩ አይነሳም። አሁን «የማጠቃለያ ሪፖርት ይጻፍ» ተባለና ሃርድ ዲስኩ እኔ እጅ ገባ። «አንቺ ከኮምፒውተር ጋር ትስማሚያለሽ» ተብዬ። የምንስማማው ፌስቡክ ላይ ብቻ እንደሆነ ማን ይንገራቸው።

ዲስኩን የከፈትኩት ማታ ነው፣ ባና ተከናንቤ። ያየሁትን ልንገራችሁ። «ኒው ፎልደር»። «ኒው ፎልደር 2»። «ኒው ፎልደር 2 ኮፒ»። «የመጨረሻ»። «የመጨረሻ የተስተካከለ»። «ይሄ ነው የመጨረሻው»። አንዱ ደግሞ «አትንኩ» ይላል። ነካሁት። ባዶ ነው።

በጠቅላላው 14 ሺህ ገደማ ፋይል አለ። ግማሹ የግማሹ ቅጂ ይመስለኛል። በስም ብደረድር ምንም አይገባኝም። ካሜራዎቹ እስከ 9999 ቆጥረው እንደገና ከ0001 ይጀምራሉ። ሁለት ካሜራና የተማሪዎች ስልክ ነበር። ስለዚህ 0457 የሚባል ፎቶ አራት አለኝ። አንዱ የጉድጓድ ግድግዳ ነው፣ አንዱ የገል ክምር፣ አንዱ ምሳ ስንበላ። አራተኛው አህያ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የገባች አህያ።

አንዳንዱን ሰው በአማርኛ ስም ሰጥቶታል። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ «አጽም» ብዬ ፈለግሁ፣ 31 ፎቶ መጣ። ከዚያ በላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ለካ አንዱ «ዐጽም» ብሎ ጽፏል፣ አንዱ «አፅም»፣ አንዱ «ዐፅም»። ለእኛ ሁሉም አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የጸሎቱን ጸ እና የፀሐዩን ፀ የኔታ ያስተማሩኝ ለዚህ ቀን ነበር ማለት ነው።

ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ዶቃ አለች። ሰማያዊ ብርጭቆ፣ የምስር ፍሬ የምታክል። የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛው የአፈር ንጣፍ ውስጥ እንደተገኘች ማወቅ አለብን። ያለዚያ ዶቃዋ ዶቃ ብቻ ናት፣ ስለ መቃብሩ ምንም አትነግረንም። የተቀመጠችበት ፌስታል ላይ በማርከር የተጻፈው ለቋል። «ጉድጓድ» የሚለው ይነበባል፣ ቁጥሩ የለም። የጉድጓድ 2 ደብተር አለኝ፣ ስለ ዶቃ አያነሳም። የጉድጓድ 1 ደብተር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ፎቶዎቹን በሰዓት ስደረድር ግን የዶቃዋ ፎቶ የጉድጓድ 2 ንጣፍ 7 ፎቶዎች መሀል ገባልኝ። ስለዚህ በሪፖርቱ ረቂቅ ላይ «ጉድጓድ 2፣ ንጣፍ 7» ብዬ ጻፍኩ። ልቤ ግን አላረፈም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። 14 ሺውን አንድ በአንድ ስም ልቀይር? በጉድጓድ ልለያቸው ወይስ በቀን? ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ። ላፕቶፑም የኔው ነው።

---

ቀላሉ መንገድ፦

እህቴ ምን አደከመሽ? ጎግል ፎቶስ ላይ ጫኚው። ራሱ ይደረድርልሻል። ፊት ሳይቀር ይለያል።

---

የወንፊቷ ልጅ፦

ወንድሜ፣ የኔ ሰዎች ፊት የላቸውም። ደግሞ 14 ሺህ ፎቶ በሞባይል ዳታ ስጭን የሚያልቀው ደመወዜ ነው።

---

ባለካሜራው፦

ሰላም እህቴ። ደብረ ሲና ነኝ፣ የሠርግ ፎቶ አነሳለሁ። አርኪኦሎጂ አላውቅም። ሦስት ካሜራ የተነሳበትን ሠርግ ከሦስት ወር በኋላ ማገጣጠም ግን እንጀራዬ ነው። አንቺ ያለሽ ነገር ሠርግ ነው፣ ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው የሞቱት።

መጀመሪያ፣ ምንም ስም አትቀይሪ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምንም። ዲስኩን እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪው። ሁለተኛውን ዘመድ ቤት አስቀምጪ፣ አንቺ ቤት አይሁን። ከዚያ በኋላ የምትነካኪው ሦስተኛ ቅጂ ላይ ነው። ፍላሽ ላይ «ለጊዜው» ብለሽ አታስቀምጪ። ፍላሽ ለጊዜው ነው የሚሠራው፣ በምትፈልጊው ጊዜ አይሠራም። እኔ አንዴ የተበላሸ ዲስክ ጥገና ቤት ወስጄ፣ «ፎርማት አድርጌ አስተካከልኩልህ» ብሎ በፈገግታ የመለሰልኝ ሰው አለ። የአንድ ሰው ሠርግ እዚያ ቀረ። እስካሁን ገበያ ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ።

ቀጥሎ ቅጂዎቹን አስወግጂ። በዓይን አይደለም። የፋይሉን ይዘት የሚያወዳድሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፣ ዱፕጉሩ አንዱ ነው። ስማቸው ቢለያይም ውስጣቸው አንድ የሆኑትን ያወጣልሻል። ከቴሌግራም የወረዱትን ግን ለብቻ ለያቸው። ቴሌግራም «ፎቶ» ብለሽ ስትልኪ ይጨምቀዋል። ውስጡ ያለውን የካሜራና የሰዓት መረጃ ይጥለዋል። ስሙንም ቀን የሚመስል ቁጥር ያደርገዋል፣ ቀኑ ግን የተነሳበት ቀን አይደለም። «ፋይል» ብለሽ ከላክሽው ብቻ ነው እንዳለ የሚሄደው። ዋናው ካለሽ የቴሌግራሙን እርሺው። ከሌለሽ ምልክት አድርጊበት፣ «ሰዓቱ አይታመንም» ብለሽ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የካሜራው ስምና ሞዴል ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜም የካሜራው መለያ ቁጥር አለ። መጀመሪያ በካሜራ ለያቸው። በካሜራ ሳትለያቸው በሰዓት አትደርድሪ። ለምን መሰለሽ? የአገራችንን ካሜራ ሰዓት ታውቂዋለሽ። አንዱ በፈረንጅ ይሞላል፣ አንዱ በእኛ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዱ ካሜራ 9፡00 ይላል፣ ሌላው 3፡00። ስድስት ሰዓት ልዩነት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተነሳው ፎቶ፣ ጠዋት በፈረንጅ 9፡00 ከተነሳው ጋር ይቀላቀላል። አንቺም «ሰዓታቸው አንድ ነው» ብለሽ አንድ ላይ ታደርጊያቸዋለሽ።

ስለዚህ እነዚህን መልሺልኝ። የዶቃዋን ፎቶ ያነሳው የትኛው ካሜራ ነው? በዙሪያዋ ያሉትን የጉድጓድ 2 ፎቶዎች ያነሳውስ? ደግሞ የዶቃዋ ፎቶ ላይ የሰሜን ቀስት፣ ሰሜን ወዴት እንደሆነ የሚያሳየው ማለቴ ነው፣ ተቀምጧል? ካለ ጥላው ወዴት ነው የወደቀው?

---

የወንፊቷ ልጅ፦

ወይ ጉድ። ቤት ስገባ አያለሁ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ። እጄ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው።

---

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ ለረጅም ዓመታት የሙዚየም ዕቃ ቤት ሠርቻለሁ። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም፣ ካርድ ነበር። ችግሩ ግን አንድ ነው።

ቁፋሮ ማለት ሲቆፈር የሚጠፋ ነገር ነው። ንጣፉን አንስተሽ መልሰሽ አታኖሪውም። የሚቀረው የጻፍሽውና ያነሳሽው ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራው እናት ደብተሩ ነው፣ ፎቶው ልጅ ነው። አንቺ ያደረግሽው በልጅ እናትን መፈለግ ነው። የጉድጓድ 2 ደብተር ስለ ዶቃ ካላነሳ፣ ደብተሩ አልዋሸም። ገል እየቆጠረ የጻፈ ሰው ሰማያዊ ዶቃ አይዘለውም። የተሳሳተው ፎቶው ነው።

ስለ ስም አወጣጥ ልንገርሽ። ድንቅነሽን ሁሉም ያውቃታል። በ1974 በፈረንጅ ሐዳር ላይ የተገኘችው ናት። እኛ ዕቃ ቤት ግን በስሟ አንጠራትም፣ ኤ.ኤል. 288-1 ናት። «አፋር፣ የተገኘችበት ሥፍራ ቁጥር 288፣ የመጀመሪያዋ ናሙና» ማለት ነው። ይህች አጭር ቁጥር የት እንደተገኘች ትነግርሻለች። ስም ሊቀየር ይችላል፣ ቁጥሩ አይቀየርም። አንቺም ፎቶዎችሽን በቁጥር ሰይሚ። በፊደል ከሆነ የሀሌታው ሀ፣ የሐመሩ ሐ፣ የብዙኃኑ ኀ ጭቅጭቅ ያመጣብሻል። ቁጥር ጭቅጭቅ የለበትም። እንዲህ በይው፦ 2019-02-14_2_007_0457። ቀን፣ ጉድጓድ፣ ንጣፍ፣ የፎቶ ቁጥር። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለሽ ከትልቁ ወደ ትንሹ ጻፊው። ያኔ በስም ሲደረደር በጊዜ ተደረደረ ማለት ነው። ቁጥሩን ዜሮ ሙይበት፣ 7 ሳይሆን 007። አለበለዚያ በአንዳንድ ፕሮግራም 10 ከ2 በፊት ይመጣል።

አንድ ሌላ ነገር። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ሪፖርት ካለሽ አሁኑኑ ክፈቺው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በፈረንጅ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ መንገድ ነበር የሚጽፈው። ፎንቱ ከሌለ የሚታይሽ የላቲን ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ገንፎ ነው። ፎንቱ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ አስለውጪው።

---

ባለካሜራው፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ይፍቀዱልኝ ልከራከር። ጉድጓዱንና ንጣፉን ፋይሉ ስም ውስጥ ከከተተችው፣ ተሳስታ ቢገኝ ምን ታደርጋለች? ያን ሁሉ ስም እንደገና ልትቀይር ነው። ያን ስም ሪፖርቱ ውስጥ የጠቀሰችውም ሁሉ ይበላሻል። ፎቶ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መቼ እንደተነሳና በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ። የት እንደተነሳ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ስለዚህ ስሙ 2019-02-14_2_0457 ይሁን፣ 2ቱ ጉድጓድ ሳይሆን የካሜራ ቁጥር። ጉድጓድና ንጣፍ ለብቻ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ይጻፍ። ተሳስታ ቢገኝ አንድ ሳጥን ታስተካክላለች፣ አለቀ።

---

ጡረተኛው፦

እውነትህን ነው ልጄ። የዕቃ ቁጥርና የፎቶ ቁጥር አንድ አይደለም። ዕቃው ከየት እንደወጣ በወጣበት ሰዓት ይታወቃል፣ ፎቶው ግን ኋላ ነው የሚተረጎመው። ካርድ ላይ ያደግን ሰዎች ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር ልማዳችን ነው። ያንተ ይሻላል።

---

ቆላማው፦

እኔ ከወዲያኛው ቁልቁለት ነኝ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል። ኢፋት ውስጥ በመካከለኛው ዘመን የእስላም ከተሞች ፍርስራሽ ላይ አንድ ወቅት ሠርቻለሁ። ከእነሱ አንዷ የሆነችውን፣ ኖራ የምትባለውን ከተማ መስጊድ ግድግዳ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እናንተ ባና ትከናነባላችሁ፣ እኛ ላፕቶፑን በእርጥብ ፎጣ እናቀዘቅዘው ነበር።

ስለ ኤክሴሉ ልጨምር። እኛ የተጠቀምንባቸው ዓምዶች እነዚህ ነበሩ፦ አዲሱ ስም፣ የድሮው ስም፣ ካሜራ፣ የተስተካከለ ሰዓት፣ ጉድጓድ፣ ንጣፍ፣ ካሜራው ወዴት ይመለከታል፣ ምን ይታያል፣ ይህን ከየት አወቅን። የመጨረሻው ዓምድ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። «ከሰሌዳው»፣ «ከደብተር ገጽ 22»፣ «በግምት» ተብሎ ይጻፍበታል። ከዓመታት በኋላ ግምቱን ከሐቁ የሚለየው እሱ ብቻ ነው። የድሮው ስም የሚለውም አይቅር፣ ድልድዩ እሱ ነው። ለ«ምን ይታያል» ደግሞ ቃላቱን አስቀድመሽ ወስኚና ከዝርዝር ብቻ የሚመረጥ አድርጊው። «አጽም» ካልሽ «አጽም» ብቻ። ያኔ የጸሎቱ ጸ ያሸንፋል፣ ፀሐዩ ይጠልቃል።

14 ሺውን አንድ በአንድ አትመዝግቢ። ሰሌዳ የያዙትን ፎቶዎች ብቻ መጀመሪያ ፈልጊ። ጉድጓድ ቁጥር፣ ንጣፍ ቁጥር፣ ቀን የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ፎቶ አለ አይደል? በአንድ ካሜራ ውስጥ ከአንድ ሰሌዳ እስከ ቀጣዩ ሰሌዳ ያሉት ፎቶዎች የመጀመሪያው ሰሌዳ ልጆች ናቸው። ሰሌዳዎቹን ካገኘሽ አብዛኛው ሥራ አለቀ።

የጂፒኤስ ነጥብም ካላችሁ ይህን ጠይቂ፦ ነጥቡ በምን ዳተም፣ ማለትም በየትኛው የካርታ መነሻ ልኬት፣ ነው የተያዘው? የድሮው የአገራችን ካርታ አዲንዳን በሚባለው ነው፣ ስልክና ጂፒኤስ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱን ካደባለቅሽ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። መንዝ ላይ 200 ሜትር ማለት ገደል ማለት ነው። የእኛ መስጊድ አንዴ ወንዝ ውስጥ ቆሞ አግኝተነዋል፣ ካርታው ላይ። ሰሜን ሸዋ በካርታው አከፋፈል (በዩቲኤም) ዞን 37 ውስጥ ነው፣ ይህንንም ኤክሴሉ ላይ ጻፊው።

ደግሞ ቦታውን ያልጠራሽው ጥሩ አድርገሻል። ግን በስልክ የተነሱት ፎቶዎች ውስጥ ቦታው ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እንዳለ በፋይል ለሰው ከላክሽ ዶማ ለያዘው ሰው አድራሻ ሰጠሽው ማለት ነው። ለውጭ የሚወጣው ቅጂ ላይ ቦታውን አጥፊ፣ ዋናው ላይ ግን ተዪው። ቁፋሮው በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 ፈቃድ ወጥቶበት የተሠራ ከሆነ ሪፖርቱን የሚጠብቅ አካል አለ። እነሱ ሙሉውን ይፈልጉታል።

---

የወንፊቷ ልጅ፦

ተመለስኩ። ጋሼ፣ ባለካሜራው፣ ቆላማው፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ጠፋሁ፣ አንዱን ቀን መብራት አልነበረም። የሆነውን በተራ ልንገራችሁ።

ዲስኩን ገለበጥኩ። አንዱ ቅጂ እትዬ ቤት ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከበዓል ሻሽ ሥር። ፕሮግራሙን ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩት፣ ከ14 ሺው ውስጥ ስድስት ሺህ ገደማው ቅጂ ሆኖ ተገኘ። «ይሄ ነው የመጨረሻው» የሚለው ፎልደር ሙሉ በሙሉ የ«ኒው ፎልደር» ቅጂ ነው። ሳቅኩኝ፣ ብቻዬን።

ከዚያ በካሜራ ለየኋቸው። ትልቁ ካሜራ የፎቶ አንሺው ነው። ትንሹ እኛ ተማሪዎች እጅ ለእጅ የምንቀባበለው ነበር። ዶቃዋን ያነሳው ትንሹ ነው። ዙሪያዋን ያሉት የጉድጓድ 2 ፎቶዎች በሙሉ የትልቁ ናቸው። እዚህ ላይ ልቤ ደረቴን መታ።

ሁለቱ ካሜራዎች አንድ ነገር ያነሱበት ቅጽበት ፈለግሁ። ሰሌዳ አይደለም፣ ምሳ አይደለም። አህያዋ! የካቲት 7፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጉድጓድ 1 ውስጥ ገብታ ሁላችንም እየሳቅን ያነሳናት። ትልቁ ካሜራ 12፡38 ይላል። ትንሹ 6፡37። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ። ትንሹን ካሜራ የሞላው ሰው የእጁን ሰዓት አይቶ ነው የሞላው። የዚያ ሰው እጅ የኔ ሊሆን ይችላል፣ አላስታውስም፣ ደግሞም አላጣራም።

የዶቃዋ ፎቶ 9፡52 ነው የሚለው። እኔ የጠዋት መስሎኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ሲጨመርበት በፈረንጅ 15፡53፣ በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው።

ጥላውንም አየሁ። ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ጥላ ብዬ ግን አይቼው አላውቅም። ዶቃዋ መሀል ላይ ናት። ከጎኗ ጥቁርና ነጭ መለኪያው፣ ከበላዩ የሰሜን ቀስት። የመለኪያው ጥላ ወደ ቀስቱ ቀኝ ወድቋል። ወደ ምሥራቅ። ፀሐይ በምዕራብ ነበረች። ጠዋት ሊሆን አይችልም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ጉድጓድ 2 አልነበረም። ነፋሱ አፈሩን ዓይናችን ውስጥ እየጨመረ ሲያስቸግረን ተጠቅልለን ወደ ጉድጓድ 1 ተዛውረን ነበር። ይህን ደብተሩ ይላል። የጉድጓድ 2 ደብተር፣ ገጽ 31፣ «ከሰዓት ሥራ የለም፣ ነፋስ»። አንብቤዋለሁ እኮ! ትርጉም አልሰጠኝም ነበር። ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ደብተሩ አልዋሸም።

ትንሹ ካሜራ ውስጥ ከዶቃዋ በፊት ያለው ሰሌዳ «ጉድጓድ 1፣ ንጣፍ 4» ይላል። ኤክሴሉ ላይ ጻፍኩት። «ይህን ከየት አወቅን» የሚለው ዓምድ ላይ፦ «ከሰሌዳው፣ ከጥላው፣ ከአህያዋ»።

የ2012ቱ ወቅት ሌላ ጉድ ነው። አንዱ ካሜራ ዓመተ ምሕረቱም ጭምር በእኛ ተሞልቷል። የካቲት 6 ቀን 2012ን «6/6/2012» ብለው ስለሞሉት ካሜራው በፈረንጅ ሰኔ ወር 2012 መስሎታል። እውነተኛው ቀን የካቲት 14 ቀን 2020 በፈረንጅ ነው። ባለካሜራው፣ ይሄንንስ በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል?

---

ባለካሜራው፦

አህያዋ ሽልማት ይገባታል።

ይቻላል። ካሜራው አንዴ ከተሳሳተ ወዲያ እኩል እየተሳሳተ ነው የሚሄደው። አንድ ፎቶ ላይ ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት ካወቅሽ ልዩነቱን ለሁሉም ትጨምሪያለሽ። ኤግዚፍቱል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ሺህ ፎቶ ያስተካክላል። ግን ተጠንቀቂ። መሀል ላይ ባትሪው አልቆ ወይም ወጥቶ ሰዓቱ እንደገና ተሞልቶ ከሆነ ልዩነቱ ይቀየራል። ስለዚህ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰሌዳ አመሳክሪ። በእናንተ ብርድ ባትሪ ቶሎ እንደሚደክም አትርሺ። ደግሞ በሦስተኛው ቅጂ ላይ ብቻ!

ለወደፊቱ ደግሞ፣ አራተኛ ወቅት ቢመጣ፣ ጠዋት ሥራ ሲጀመር እያንዳንዱ ካሜራ የአንድ ስልክ ሰዓት ፎቶ ያንሳ። አንድ ጠቅታ ነው። እኔ ሠርግ ላይ ሁሌም አደርጋለሁ፣ ሙሽራው «ስልክ ፎቶ የሚያነሳው ምን ሊያደርግለት ነው?» እያለ ይገረማል።

---

ቀላሉ መንገድ፦

ሦስተኛውም አልተደረገ፣ አራተኛ ይላል እንዴ 😂 በነገራችን ላይ ሐሳቤን አንስቻለሁ። ጎግል አህያዋን ባያገኛት ኖሮ?

---

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ዶቃዋን አዲስ ፌስታል ውስጥ አድርጊያት። ቁጥሩን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከውስጥ ክተቺው፣ በማርከር ከውጭ አይደለም። እርሳስ አይለቅም። የድሮውን ፌስታልም አትጣይው፣ አብሮ ይቀመጥ።

---

የወንፊቷ ልጅ፦

እሺ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የሪፖርቱ ረቂቅ ገጽ 14 «ጉድጓድ 2፣ ንጣፍ 7» እንዳለ ለአለቃዬ ከላክሁት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እሱም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሁለት ገጽ ትንተና ጽፏል። ደስ ብሎት ነበር። እንዴት ነው የምነግረው?

---

ቆላማው፦

የአህያዋን ፎቶ አትመሽ ይዘሽ ግቢ። ከሱ ጀምሪ።